አጠያየቁን ብናውቅበት፦ መናገር የሚቸግራቸው ሰዎችና የሕክምና ምርምር

ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ተመራማሪዎች፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ ሕመምተኛ የምታስታምሙ ሁሉ፤

በምርምር ፕሮፖዛሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ የሚታለፍ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። «በጥናቱ የማይካተቱ» ከሚለው ርእስ ሥር ይገኛል። መናገር የማይችሉ፣ መስማት የተሳናቸው፣ ለቃለ መጠይቅ መልስ መስጠት የሚቸግራቸው ሕመምተኞች አይካተቱም ይላል። አጭር ነው፤ ከአንዱ ፕሮፖዛል ወደ ሌላው ይገለበጣል፤ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ዐረፍተ ነገር ነው። የማምንበትን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር ሳነብ የሚታየኝ የጠያቂው አለመዘጋጀት ነው፤ ስለ ሕመምተኛው ችሎታ የሚነግረኝ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1861 በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የቢሴትር ሆስፒታል አንድ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ቀኝ እግሩ በጋንግሪን ተጎድቶ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተዛወረ። ስሙ ሉዊ ቪክቶር ሌቦርኝ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ሁሉም «ታን» ይሉታል፤ ምንም ቢጠየቅ «ታን፣ ታን» ከማለት በቀር ከአፉ ቃል አይወጣም ነበርና። ሐኪሙ ፖል ብሮካ ምን ያህል ዓመት በዚህ ሆስፒታል እንደኖረ ጠየቀው። ሌቦርኝ እጁን አራት ጊዜ ዘረጋ፤ ከዚያ አንድ ጣት ጨመረ። ሃያ አንድ ማለቱ ነው፤ ልክም ነበር። ብሮካ በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው፤ ያንኑ መልስ አገኘ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀው ሌቦርኝ እየተፈተነ መሆኑ ገባውና ተቆጣ፤ ከዚያ በፊት ብሮካ ያልሰማው የስድብ ቃል ከአፉ ወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። ብሮካ የራስ ቅሉን ከፍቶ በአንጎሉ ግራ በኩል፣ በፊተኛው ክፍል ላይ ጉዳት አገኘ። ያ ቦታ እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል።

የሕክምና ተማሪ ሁሉ ስለዚያ አንጎል ተምሯል። እኔ ግን ዛሬ እነዚያን ጣቶች እንድታስቡልኝ እፈልጋለሁ። ብሮካ በእጅ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ስለ ጠየቀ መልስ አገኘ። መልሱ መታመን አለመታመኑን ለማወቅም ደግሞ ጠየቀ። ሰውየው የሚያስብ፣ የሚያስታውስ፣ ሲበዛበትም የሚቆጣ ሰው መሆኑን መዘገበ። በዚያ ዘመን የሕመምተኛን ፈቃድ መጠየቅ ልማድ አልነበረም፤ ያን ዘመን እንመልሰው አልልም። የሚያሳዝነኝ ግን ፈቃድ መጠየቅን ከተማርን በኋላ፣ እንዲህ ያለውን ሰው መጠየቁን ራሱን መተዋችን ነው።

ሌቦርኝ የነበረበትን ችግር ዛሬ አፌዥያ እንለዋለን። ቋንቋን የሚያስተዳድረው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚመጣ ነው፤ ዋናው መንስኤው ስትሮክ ነው። ስትሮክ ከሚደርስባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ላይ ይታያል። አንዱ ቡና ሊጠይቅ ፈልጎ «ወንበር» ይላል። ሌላዋ ልትናገረው የፈለገችውን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ቃሉ ግን አልመጣ ይላታል። ካርል ቬርኒከ በ1874 እንዳስረዳው ደግሞ ንግግሩ ያለ ችግር የሚፈስለት፣ ነገር ግን የሚባለውን መረዳት የሚቸግረው ሰው አለ። የሰው ማስተዋል፣ ትዝታ፣ ፍቅር፣ ቂም፣ ሃይማኖት ግን ከቃል ጋር አብሮ አይጠፋም። ባለቤቱ ከገበያ ተታላ እንደ ተመለሰች ከሩቅ አይቶ የሚያውቅ፣ ልጁ የደበቀችውን ሐዘን ከፊቷ የሚያነብ፣ ግን «ምን ሆንሽ?» ብሎ መጠየቅ የማይችል አባት በየቤቱ አለ።

አሁን ወደ ምርምሩ ልግባ። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ሰው በድባቴ ይያዛል። በዚህ ላይ በዓለም ዙሪያ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። በ2007 የታተመ አንድ ግምገማ ከነዚህ ውስጥ 129 ጥናቶችን ሰብስቦ አፌዥያ ያለባቸውን ሰዎች እንዴት እንዳስተናገዱ መረመረ። 92ቱ፣ ማለትም 71 በመቶዎቹ፣ እነዚህን ሰዎች በሙሉ ወይም በከፊል አስቀርተው ተገኙ። ይህን ቁጥር ቀስ ብላችሁ አስቡት። ከስትሮክ በኋላ ከሁሉ በላይ ብቸኝነት የሚወድቅበት ማን ነው? መናገር ያልቻለው ነው። ጎረቤት መጀመሪያ ሰሞን ይመጣል፤ ምን ብሎ እንደሚያጫውተው ሲጠፋው ግን እግሩን ያሳጥራል። ለቡና መጠራት ይቀራል፤ በዕድሩ ስብሰባ፣ በማኅበሩ፣ በለቅሶው ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ ሲከብደው እሱም መሄዱን ይተዋል። ለድባቴ ይበልጥ የተጋለጠው ይህ ሰው ነው፤ ስለ ድባቴ በሚጠናው ጥናት ግን የለም። ከዚያ ሐኪሙ ጥናቱን አንብቦ መድኃኒት ያዝዝለታል። መድኃኒቱ የተፈተነው በሌሎች ሰዎች ላይ ነው፤ የሕመሙ ምልክት የተዘረዘረው ከሌሎች አፍ ነው።

ነገሩ ከድባቴም ይሰፋል። አብዛኛው ሰው ቋንቋውን የሚያስተዳድረው በግራ ንፍቀ አንጎሉ ነው። ስለዚህ አንድ የስትሮክ ጥናት መናገር የማይችሉትን ሲያስቀር፣ ባያስበውም፣ በግራ በኩል የተመቱትን ብዙዎች አስቀርቷል ማለት ነው። ርእሱ «ስትሮክ» ይላል፤ ውስጡ ግን ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው። የፍትሕ ጥያቄ የማያሳስበው ሰው እንኳ ቢኖር፣ ይህ የሳይንስ ስሕተት ሊያሳስበው ይገባል።

እነዚህን ሰዎች ማጥናት አይቻልም ብሎ የሚከራከር ካለ በዚያው በድባቴ ጉዳይ መልስ አለው። በ1998 በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ሁለት ተመራማሪዎች አፌዥያ ላለባቸው ሰዎች የሚሆን የድባቴ መጠይቅ አሳተሙ። መጠይቁ ሕመምተኛውን ቃል አያስወጣውም፤ አስታማሚው የሚያየውን ይጠይቃል። ያለቅሳል? ሌሊት እንቅልፍ ያጣል? ሰው ዐይን ለዐይን ከማየት ይሸሻል? ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይሠራ ይቀመጣል? በዚህ መሣሪያ ተጠቅሞ በተሠራና በ2013 ውጤቱ በታተመ ሙከራ፣ አፌዥያ ያለባቸው 105 ሰዎች ተሳትፈው ለእነሱ የተዘጋጀ የሥነ ልቦና ሕክምና የተሰጣቸው ከስድስት ወር በኋላ ስሜታቸው ከሌሎቹ ተሽሎ ተገኘ። አይቻልም የተባለው ተችሏል። የአስታማሚ ምስክርነት ብቻውን ይበቃል አልልም፤ የደከመ አስታማሚ የራሱን ድካም በሕመምተኛው ፊት ላይ ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው ራሱ በፊት ሥዕሎች፣ ካዘነው እስከ ፈገገው፣ ስሜቱን እንዲያመለክት ይደረጋል፤ ሁለቱ ተመዛዝነው ይታያሉ።

የማስቀረት ልማድ ከክፋት አልመጣም፤ ከፍርሃት ነው የመጣው። ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው። ከ1956 ጀምሮ በኒው ዮርክ፣ በስታተን አይላንድ፣ ዊሎብሩክ በሚባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሕፃናት በሚኖሩበት ተቋም፣ ሳውል ክሩግማን የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ሕፃናቱን ሆን ብለው በጉበት በሽታ ቫይረስ እንዲያዙ አደረጉ። ከጥናቱ ትልቅ እውቀት ተገኘ፤ ሁለት ዓይነት የጉበት በሽታ መኖሩን ለመለየት ረድቷል። ሕፃናቱን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ቀደም ሲል በስዊድን፣ በሉንድ ከተማ፣ ቪፔሆልም በሚባለው ተቋም ደግሞ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ እንዲበሉ ተደርጎ ጥርሳቸው ሲበሰብስ ተመዘገበ። ዛሬ ስለ ስኳርና ስለ ጥርስ የምናውቀው ነገር ከፊሉ የተገኘው ከእነሱ ሕመም ነው። ከናዚ ሐኪሞች ችሎት በኋላ በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ደንብ የመጀመሪያው ነጥብ የሰውየው የራሱ ነጻ ፈቃድ ግድ ነው የሚል ነው። ይህን ሁሉ ያየ ዓለም «መጠየቅ የማይቻለውን ሰው አንንካው» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ከዊሎብሩክ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር አትለፉብኝ። ወላጆች ፈርመው ነበር። ተቋሙ ከመጠን በላይ ሞልቶ ለሌሎች በሩን በዘጋበት ጊዜ የምርምር ክፍሉ ገና ይቀበል ነበር፤ ልጁን የሚያስገባበት ያጣ ወላጅ ምን ምርጫ ነበረው? የቤተሰብ ፊርማ እነዚያን ልጆች አላዳናቸውም። ይህን የምለው እኛ አገር ዋናው ልማድ እሱ ስለ ሆነ ነው። ሕመምተኛው መናገር ካቃተው ጥያቄው ወዲያው ወደ ልጁ፣ ወደ ወንድሙ፣ ወደ ሚስቱ ይዞራል። ነርሷ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ በሰውየው ላይ ተሻግራ፣ «በልቷል? ያመዋል?» ብላ ልጁን ትጠይቃለች። ሰውየው ይሰማል። አንቱ ሲባል የኖረ ሰው በሦስተኛ ወገን ሲወራበት ያዳምጣል። የፈቃድ ቅጹም እንዲሁ ወደ ልጁ ያልፋል። ቤተሰብ ሕመምተኛውን ይወዳል፤ በዚህ አልጠራጠርም። መውደድ ግን ፈቃዱን ማወቅ አይደለም።

ሌላ ሰው ስለ እነሱ ሲገምት ምን ያህል እንደሚስት የሚያሳይ ጥናት ልጥቀስ። መላ አካል ሽባ ሆኖ አእምሮ ሙሉ በሙሉ ነቅቶ የሚቀርበት ሕመም አለ። ሰውየው ያያል፣ ይሰማል፣ ያስባል፤ የሚያንቀሳቅሰው ግን ዐይኑን ብቻ ነው። ፈረንሳዊው የመጽሔት አዘጋጅ ዣን ዶሚኒክ ቦቢ በዚህ ሁኔታ ሆኖ በግራ ዐይኑ ጥቅሻ ፊደል በፊደል መጽሐፍ አስጽፎ በ1997 አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ሞተ። እሱ የመሠረተው የሕመምተኞች ማኅበር እስከ ዛሬ አለ። ተመራማሪዎች ለማኅበሩ አባላት መጠይቅ ልከው ውጤቱን በ2011 አሳተሙ። ከ65 ሰዎች የተሟላ መልስ ተገኘ። 47ቱ ደስተኛ ነን አሉ፤ 18ቱ አይደለንም አሉ። ጤነኛ ሰው እንዲህ ካለ ሕይወት ሞት ይሻላል ብሎ ይገምታል፤ ሐኪምም ጭምር። መልስ ያልሰጡትን አንርሳ፤ ከማኅበር ውጭ ያሉትን፣ የሚረዳቸው ቤተሰብ የሌላቸውን እንቁጠር። ደስተኛ ያልሆኑት 18 ሰዎች ጥያቄም የራሱ ክብደት አለው፤ ጥናቱም የእነሱን ምክንያት ለይቶ አይቷል። ያም ሆኖ፣ ሰዎቹ ባይጠየቁ ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም ነበር።

እንዴት ይጠየቃል ለምትሉኝ፣ ከሁሉ በላይ የምወደው ሥራ በካናዳ፣ ቶሮንቶ የተሠራው ነው። እዚያ አፌዥያ ላለባቸው ሰዎች የተቋቋመ ተቋም አለ። ኦራ ኬገን የምትባል የንግግር ሕክምና ባለሙያ በዚያ ተቋም የተደገፈ ውይይት የሚባል ዘዴ አዘጋጅታለች። ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰውየው እንደሚያውቅ አንተ እንደምታውቅ በግልጽ ንገረው፤ ከዚያ ሐሳቡን የሚያወጣበትን መንገድ አቅርብለት። ቁልፍ ቃል በትልቁ ጻፍ፤ ሥዕል አሳይ፤ በእጅህ አስረዳ፤ «አዎ»፣ «አይደለም»፣ «አላውቅም» የሚሉ ምልክቶችን አጠገቡ አኑር፤ ጊዜ ስጥ፤ የተረዳኸውን መልሰህ አረጋግጥ። በ2001 በታተመው ሙከራ 40 በጎ ፈቃደኞች ተሳተፉ፤ 20ዎቹ ይህን ዘዴ ሠለጠኑ፣ 20ዎቹ አልሠለጠኑም። የሠለጠኑት ማነጋገራቸው ተሻሻለ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፤ አፌዥያ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው፣ ምንም ሥልጠና ሳይሰጣቸው፣ ሐሳባቸውን በማስተላለፍ ረገድ የተሻለ ውጤት አሳዩ። የተለወጠው ከፊታቸው የተቀመጠው ሰው ብቻ ነበር። የማስቀረት ዐረፍተ ነገሩን ሳነብ የሚመጣብኝ ይህ ሙከራ ነው፤ አቅም የሚለካው በሁለት ሰዎች መካከል ከሆነ፣ አንደኛውን ብቻ «አይችልም» ማለት ልክ ሊሆን አይችልም።

የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ይህን መንፈስ በ2005 በአንቀጽ አስፍሮታል። ማንም ዐዋቂ ሰው አቅም እንዳለው ይገመታል፤ እንዲወስን ሊረዳው የሚችለው ማናቸውም ተግባራዊ እርዳታ ተሞክሮ ካልተሳካ በቀር አይችልም አይባልም። ማስረዳቱም ለሰውየው ሁኔታ በሚስማማ መንገድ፣ በቀላል ቋንቋ ወይም በሚታይ ነገር፣ እንዲሆን ሕጉ ያዛል። በ2024 የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫም ተጋላጭ ሰዎችን ማስቀረት ራሱ ጉዳት ስላለው፣ የማስቀረት ጉዳት ከማካተት ጉዳት ጋር እንዲመዛዘን ይጠይቃል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። ሕጉ በቂ ነው ባይ ነኝ፤ የጎደለው በየክፍሉ የሚሠራው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ጥፋት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የተረዳ ተግባቦት የሚባል ዘዴ ተስፋፋ። መናገር የማይችል ኦቲዝም ያለበት ልጅ ረዳቱ እጁን ይዞለት በፊደል ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር። ዝም ብለው የኖሩ ልጆች ረጃጅም ዐረፍተ ነገር መጻፍ ጀመሩ፤ እናቶች በደስታ አለቀሱ። ከዚያ በኒው ዮርክ ግዛት በአንድ ማእከል 12 ተሳታፊዎች ላይ ፈተና ተደረገ። ለተሳታፊው አንድ ሥዕል፣ ለረዳቱ ሌላ ሥዕል ታየ፤ አንዱ የሌላውን አያይም። የተጻፈው መልስ ረዳቱ ያየውን ተከተለ። ጸሐፊው ረዳቱ ነበር፤ ረዳቶቹም ራሳቸው ይህን አላወቁም። በዚህ ዘዴ በተጻፈ ክስ የታሰሩ ወላጆችም ነበሩ። የእኔ ፍላጎት እንዲህ ያለ መዳፍ የተደረበበት ድምፅ አይደለም። እርዳታ የሚባለው ሕመምተኛው ያሰበውን እንዲያወጣ መንገድ የሚከፍት ብቻ ነው፤ ያወጣው የእሱ መሆኑም እንደ ማንኛውም የሳይንስ ነገር ይፈተናል። ብሮካ ጥያቄውን መደጋገሙ ለዚህ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀን ችግር የፈቃድ ቅጾቻችን አማርኛ ነው። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው። አርባ ቃል ያለውን የቅጽ ዐረፍተ ነገር አፌዥያ ላለበት ሰው ስናነብለት፣ የተባለው ይደረጋል ይሁን አይደረግም ሳያውቅ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ ይቆያል። «ይቋረጣል» እና «አይቋረጥም» የሚለያዩት በቃሉ ጫፎች ባሉ ጥቃቅን ድምፆች ነው፤ ጆሮው ቢሰማም አንጎሉ የቋንቋ ጉዳት ያለበት ሰው እነዚህን በቀላሉ ይስታል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ይቆረጥ። አንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ነገር ይናገር። አሉታው በራስ ንቅናቄና በሥዕል ይደገፍ።

እንዲህ አድርጋችሁ አስቡት። ተመራማሪዋ ወንበር ስባ ከአልጋው ራስጌ በሰውየው ዐይን ትክክል ትቀመጣለች። «አባባ፣ ምን ማለት እንደሚፈልጉ እንደሚያውቁ አውቃለሁ። ቃሉ ነው ያስቸገረዎት። ቀስ ብለን እንነጋገራለን» ትላለች። ከዚያ የመድኃኒቱን ሥዕል አሳይታ «ጥናቱ ስለዚህ መድኃኒት ነው» ትላለች። ትጠብቃለች። የቀን መቁጠሪያ አሳይታ «ስድስት ወር» ትላለች። ትጠብቃለች። «መግባት ይችላሉ። መተው ይችላሉ። ቢተዉም ሕክምናዎ ይቀጥላል።» ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል፤ ትፈትሻለች። «ጥናቱ ውስጥ ካልገቡ ሕክምናዎ ይቆማል?» ብላ ትጠይቃለች። ሰውየው «አይ» የሚል ምልክት ካሳየ ገብቶታል። ራሱን «አዎ» ብሎ ከነቀነቀ ገና ነው፤ እንደ ገና ትጀምራለች፤ ምናልባት ነገ ጠዋት፣ ሳይደክመው።

ይህ ፍተሻ እኛ ዘንድ በእጥፍ ያስፈልጋል። ይሉኝታ አለብን። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ዝቅ ብሎ ሲለምን «እንቢ» ማለት የሚከብደን ሰዎች ነን። መናገር የሚችለው እንኳ ሳይፈልግ ይስማማል፤ መናገር ያቃተው ራሱን በመነቅነቅ ነገሩን ይገላገለዋል። «አዎ»ን ትንፋሽ ወደ ውስጥ በመሳብ ብቻ የምንገልጽ፣ «አይ»ን በምላስ ጠቅታ የምንመልስም ሰዎች ነን። በሌላ አገር ተዘጋጅቶ የመጣ ፕሮቶኮል «ተሳታፊው በቃል መመለስ አለበት» ሲል እነዚህን ሁለት ድምፆች አይቆጥራቸውም። እኛ ግን ልንቆጥራቸው፣ ልንመዘግባቸው ይገባል።

የመለኪያ መሣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። በዓለም በስፋት የሚሠራበት አንድ የሥዕል መሰየም ፈተና በረዶ ቆርጠው የሚሠሩትን ጎጆና ቢቨር የሚባለውን አውሬ ስም ይጠይቃል። የወሎ ገበሬ ይህን ባይመልስ ስትሮኩ አይደለም ያቃተው። ጀበና፣ ሞፈር፣ ምጣድ ያለበት በሚገባ የተፈተነ የራሳችን መሣሪያ ያስፈልገናል፤ ለአማርኛ ብቻም አይበቃም፤ ለኦሮምኛ፣ ለሶማልኛ፣ ለትግርኛ፣ ለሲዳምኛም ያስፈልጋል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን እጅግ ጥቂት መሆኑ ይህን ሥራ ያዘገየዋል። ግን መሣሪያውን የሚሠራው ምርምር ራሱ ባለሙያዎቹን ሊያፈራ ይችላል።

መስማት የተሳናቸው ወገኖች ጉዳይ ለብቻው ንግግር የሚፈልግ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ የተጻፈ አማርኛ ሁለተኛቸው ነው። ቅጽ ሰጥቶ «አንብበህ ፈርም» ማለት ማስረዳት አይሆንም። ትምህርት ቤት ያልደረሰ፣ ከቤተሰቡ ጋር በፈጠረው ምልክት ብቻ የሚግባባ የገጠር ሰው ደግሞ አለ፤ ለእሱ የሠለጠነው አስተርጓሚም ብቻውን አይበቃም፤ ያንን የቤት ምልክት የሚያውቅ ሰው ከአስተርጓሚው ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት።

ይህን ሁሉ እኛ አንችልም የሚል ካለ በወላይታ የተሠራውን ያስታውስ። ተመራማሪዎች በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት በዘር ረገድ ሊያጠኑ ሲነሡ፣ ከዋናው ጥናት በፊት ፈቃድ እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ራሱን አጠኑ። ሕመምተኛውን፣ ነዋሪውን፣ የመስክ ሠራተኛውን ጠየቁ። በሽታው በቤተሰብ ላይ የሚያመጣውን መገለል፣ ሕዝቡ በማን እንደሚተማመን ሰሙ፤ የአጠያየቁን ሥርዐት በሰሙት መሠረት አዘጋጁ። ሥራው በ2009 ታትሞ ሌሎች አገሮችም ተምረውበታል። እዚያ ያገዳቸው የንግግር ጉዳት አልነበረም። መንገዱ ግን ያው ነው፤ ከመጠየቅህ በፊት እንዴት እንደሚጠየቅ ጠይቅ።

ተመራማሪዎች የሚያነሡት የገንዘብና የጊዜ ጥያቄ እውነተኛ ነው። አንድ የፈቃድ ውይይት ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ይኼኛው አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይፈጃል። ሥዕል የሚሥል ሰው፣ ሥልጠና፣ አስተርጓሚ ዋጋ አላቸው። ለላቦራቶሪ ኬሚካል በጀት እንደሚያዘው ሁሉ ለዚህም ከመጀመሪያው በጀት ይያዝ ነው የምለው። በብሪታንያ በ2019 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የአፌዥያ የኮምፒውተር ሕክምና ሙከራ 278 ሰዎችን አሳትፏል። ለእያንዳንዱ ሰው መረጃው በምን መልክ መቅረብ እንዳለበት አስቀድሞ የሚለይ መሣሪያ ተጠቅሟል፤ ከአፌዥያ ጋር የሚኖሩ ሰዎችም በአማካሪነት አብረው ሠርተዋል። የሙከራው ውጤትም የሚያስተምር ነው። ተሳታፊዎቹ የተለማመዷቸውን ቃላት ማግኘት ቻሉ፤ ዕለታዊ ጭውውታቸው ግን በዚያ ምክንያት አልተሻሻለም።

ይህን ውጤት ከሌላ ጥናት ጎን አስቀምጡት። በ2017 በታተመ ሥራ በሰባት አገሮች የሚኖሩ፣ አፌዥያ ያለባቸው 39 ሰዎችና 29 የቤተሰብ አባላት ከሕክምና ምን ውጤት እንደሚፈልጉ ተጠየቁ። የተሻለ መግባባት ፈለጉ። ወደ ኑሯቸው መመለስ፣ ከሰው ጋር መቀላቀል ፈለጉ። ሌላው ሰው አፌዥያ ምን እንደ ሆነ እንዲያውቅና አክብሮ እንዲያነጋግራቸው ፈለጉ። ተመራማሪው ለብዙ ዓመት ሲቆጥር የኖረው ግን በአብዛኛው የተሰየሙ ሥዕሎችን ነው።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት፣ የምለምናችሁ ነገር ከዚህ ይነሣል። ነገ የሚቀርብላችሁ ፕሮፖዛል ውስጥ ያንን የማስቀረት ዐረፍተ ነገር ስታገኙ፣ ተመራማሪው ምክንያቱን እንዲጽፍ ጠይቁት። የትኛውን የተግባቦት ድጋፍ ሞክሮ እንደማይቻል አወቀ? ስንት ሰው በዚህ ምክንያት እንደሚቀር ይመዘግባል? የጥናቱን ጥያቄ ሲቀርጽ ሕመሙ ያለበት ሰው አብሮት ተቀምጦ ነበር? መልሱ አጥጋቢ ከሆነ ይለፍ፤ በእርግጥም ማካተት የማይቻልበት ጥናት ይኖራል። አጥጋቢ ካልሆነ ወረቀቱ ለማስተካከያ ይመለስለት።

እኔ የያዝኩት ይኸው ነው። አሁን ጥያቄ እንቀበላለን። በምልክት ቋንቋ የምትጠይቁ አስተርጓሚያችን ከፊት በስተቀኝ ናቸው። በጽሑፍ መጠየቅ የምትመርጡ ወረቀትና እስክሪብቶ በየረድፉ ጫፍ ይዞራል። ቃል ለማውጣት ጊዜ የሚያስፈልጋችሁም እጃችሁን አንሡ፤ እስክትጨርሱ እንጠብቃለን።